የሕዝብ ቤት ለማን ይከፈታል? የባተርሲ ማዘጋጃ ቤትና የታሪካዊ ሕንፃዎች አስተዳደር

ታሪካዊ ሕንፃን የማኅበረሰብ ማዕከል አድርጎ ማስተዳደር ሁለት ግዴታዎችን በአንድ ጊዜ ያሸክማል። አንደኛው ሕንፃው ነባር መልኩንና ታሪካዊ ይዘቱን ሳይለቅ ለተተኪው ትውልድ እንዲተላለፍ ማድረግ ነው። ሁለተኛው ደግሞ ዛሬ በዙሪያው የሚኖረው ሕዝብ ሀብታም ድኻ፣ ሕፃን አረጋዊ፣ አካል ጉዳት ያለበት የሌለበት ሳይባል ገብቶ እንዲጠቀምበት ማድረግ ነው። አካታች ማዕከል የሚባለውም ይህን ሁለተኛውን ግዴታ ለሠራተኞቹ መልካም ጠባይ ብቻ ሳይተው በአሠራር ደንብ፣ በበጀትና በሥልጠና የሚወጣ ተቋም ነው።

ሁለቱ ግዴታዎች እርስ በርስ ይጣላሉ የሚለው አስተያየት በቅርስ ጠባቂዎችም ሆነ በግንባታ ባለሙያዎች ዘንድ ሰፊ ተቀባይነት አለው። አንዱ ወገን የብዙ ሰው እግር ወለሉን ይጨርሰዋል፣ አዲስ በርና አሳንሰር ግድግዳውን ያበላሸዋል ብሎ ሲሰጋ፣ ሌላው ወገን የቅርስ ሕግ እጁን አስሮት አንዲት መወጣጫ እንኳ መሥራት እንዳልቻለ ያማርራል። ሥጋቱም ምሬቱም መሠረት የላቸውም አይባልም፤ ይሁን እንጂ ሁለቱም ቅርስ ማለት ድንጋይና እንጨት ብቻ ነው ከሚል የተሳሳተ መነሻ የሚነሡ ናቸው። አንድ አዳራሽ ሕዝብ እንዲሰበሰብበት ታስቦ የተሠራ ከሆነ መሰብሰቡ ራሱ የቅርሱ አካል ነው፤ ስለዚህም ከሕዝቡ ከፊሉን ከደጅ የሚያስቀር አያያዝ ግድግዳውን የቱንም ያህል ቢያሳምረው ቅርሱን አጉድሎ እንደያዘው ይቆጠራል። ይህን አሳብ በተግባር ለመመርመር ከሚያስችሉ ሕንፃዎች መካከል በደቡብ ምዕራብ ለንደን፣ ላቬንደር ሂል በሚባለው ጎዳና ላይ የሚገኘውና ዛሬ የባተርሲ የኪነ ጥበብ ማዕከል ተብሎ የሚጠራው የቀድሞው የባተርሲ ማዘጋጃ ቤት አንዱ ነው። (በዚህ ዲስኩር የሚጠቀሱት ዓመታት ዓ.ም. ካልተባሉ በቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሕንፃው በ1893 የተመረቀ ሲሆን ንድፉን ያወጣው በኋላ የለንደንን ታዋቂ የወንጀል ችሎት ሕንፃ የሠራው አርክቴክት ኤድዋርድ ማውንትፎርድ ነበር። ፊቱ በቀይ ሸክላ ጡብና በጥርብ ድንጋይ የተሠራ፣ በውስጡ የእብነ በረድ ደረጃ፣ ሰፊ የስብሰባ አዳራሽ፣ የምክር ቤት ክፍልና በርካታ ቢሮዎች የያዘ ቤት ነው። ከመግቢያው በኋላ ባለው ወለል ላይ በጥቃቅን ባለቀለም ድንጋዮች የተነጠፉ ንቦች ይታያሉ። ባተርሲ በዚያ ዘመን የፋብሪካና የባቡር ሠራተኞች ሰፈር ስለነበረች፣ የሥራና የኅብረት ምልክት የሆነችው ንብ በማዘጋጃ ቤቷ ወለል ላይ መነጠፏ ለነዋሪዎቹ እንግዳ ነገር አልነበረም። የወረዳዋ መሪ ቃልም በላቲን ቋንቋ የተጻፈ ሆኖ፣ ለእኔም ለአንተም ሳይሆን ለእኛ የሚል መልእክት ነበረው።

ይህ መሪ ቃል በጽሑፍ ብቻ የቀረ አልነበረም። በኅዳር ወር 1913 በዚህ ቤት የተሰበሰበው ምክር ቤት ከባርቤዶስ አባትና ከአየርላንዳዊት እናት በሊቨርፑል የተወለደውን ፎቶግራፍ አንሺ ጆን አርቸርን በ40 ለ39 ድምፅ ከንቲባ አድርጎ መረጠው፤ አርቸርም ለለንደን ወረዳ ከንቲባ ሆኖ የተመረጠ የመጀመሪያው ጥቁር ሰው ሆነ። ከዘጠኝ ዓመት በኋላ፣ በ1922፣ የሰሜን ባተርሲ መራጮች በሕንድ አገር የተወለደውን ሻፑርጂ ሳክላትቫላን ወደ ብሪታንያ ፓርላማ ላኩት። እነዚህ ሁለት ምርጫዎች የሚወሱት ለጌጥ አይደለም። ሕንፃውን ታሪካዊ ያደረገው የማውንትፎርድ ንድፍ ብቻ ሳይሆን በዚያ ንድፍ ውስጥ ማን ገብቶ ምን እንደሠራ ጭምር መሆኑን ያስረዳሉ፤ የዛሬው አስተዳዳሪ በሩን ለማን መክፈት እንዳለበት ሲጠየቅም ከዚህ የተሻለ መልስ ከየትም አያገኝም።

በ1965 የለንደን ወረዳዎች እንደገና ሲዋቀሩ ባተርሲ ከዋንድስወርዝ ጋር ተቀላቀለችና ማዘጋጃ ቤቱ ያለ ሥራ ቀረ። ባለቤት ያጣ ትልቅ ሕንፃ እንደሚገጥመው ሁሉ እርሱም የመፍረስ አሳብ ቀረበበት፤ ነዋሪዎች ግን ተቃወሙ፣ ሕንፃውም በእንግሊዝ የቅርስ መዝገብ ሰፈረ። በዚያ አገር ሕንፃዎች እንደ ክብደታቸው በደረጃ የሚመዘገቡ ሲሆን፣ የተመዘገበን ሕንፃ መልክ የሚለውጥ ማንኛውም ሥራ፣ ውስጡንም ጨምሮ፣ ከአካባቢው ባለሥልጣን ልዩ ፈቃድ ይጠይቃል። የባተርሲው ቤት የያዘው ደረጃ ከላይ ሁለተኛው ነው። በ1974 የማኅበረሰብ የኪነ ጥበብ ማዕከል ሆኖ ተከፈተ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላም አስተዳደሩ ከወረዳው ምክር ቤት ወጥቶ ራሱን ለቻለ የበጎ አድራጎት ድርጅት ተላለፈ።

ከወረዳው መለየቱ ነፃነትን ቢያመጣም ዋስትናን አላመጣም። በ2007 የዋንድስወርዝ ምክር ቤት ለማዕከሉ ሲሰጥ የነበረውን ዓመታዊ ድጋፍ ለማቆምና በምትኩ ኪራይ ለማስከፈል አሳብ ባቀረበ ጊዜ ማዕከሉ ለመዘጋት ተቃርቦ ነበር። ያዳነው የሕዝብና የኪነ ጥበብ ሰዎች ዘመቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ በተደረገው ድርድርም ማዕከሉ በሕንፃው ላይ ረጅም ዘመን የሚጸና የኪራይ ውል አገኘ። የረጅም ዘመን ውል ነገር ብዙ ጊዜ እንደ ተራ የወረቀት ጉዳይ ስለሚታለፍ እዚህ ላይ ጥቂት መቆየት ያስፈልጋል። በየዓመቱ በሚታደስ ፈቃድ ታሪካዊ ቤት የያዘ ማኅበር ለአሳንሰር ወይም ለጣሪያ የሚሆን ገንዘብ ቢለምን የሚሰጠው አያገኝም፤ ምክንያቱም ለጋሹ ድርጅት ያወጣው ገንዘብ በሚቀጥለው ዓመት የማን መጠቀሚያ እንደሚሆን ማወቅ አይችልም። የሰፈር ማኅበራት ታሪካዊ ቤቶችን ተረክበው ሳያድሷቸው የሚቀሩት ከስንፍና ይልቅ በዚህ ምክንያት ነው ማለት ከእውነት አይርቅም።

ማዕከሉ ሕንፃውን ያሻሻለበት መንገድ ከሌሎች ሁሉ የሚለየው በዝግታው ነው። በትዕይንት ሥራ ስክራች የሚባል ልማድ ነበረው፤ ይህም ያላለቀ ሥራን ለተመልካች አሳይቶ፣ አስተያየቱን ሰምቶ፣ እንደገና የመሥራት ዘዴ ነው። ከ2006 ጀምሮ ሃዎርዝ ቶምፕኪንስ ከተባለው የአርክቴክቶች ድርጅት ጋር ሲሠራ ይህን ልማድ ወደ ሕንፃው አሸጋገረው። ቤቱን ዘግቶ በአንድ ውል ከማደስ ይልቅ አንድ ክፍል ላይ ጊዜያዊ ለውጥ ይደረጋል፣ ሰው ይገባበታል፣ ምን እንደበጀና ምን እንደጎዳ ይታያል፣ የበጀው ይጸናል። ከ2007 መጨረሻ እስከ 2008 መጀመሪያ ፐንችድራንክ የተባለው የቴአትር ቡድን ተመልካቹ በየክፍሉ እየተዘዋወረ የሚያየውን ትዕይንት በመላው ሕንፃ ሲያሳይ፣ ለዓመታት ተዘግተው የኖሩ ቢሮዎችና መተላለፊያዎች ለሕዝብ ተከፈቱ፤ አርክቴክቶቹም ሰው በቤቱ ውስጥ እንዴት እንደሚንቀሳቀስ በዓይናቸው አዩ። የተወሰኑት ክፍሎች በኋላ ለእንግዳ የኪነ ጥበብ ሰዎች መኝታ ሆኑ፣ ሌሎቹ ለሕፃናት መጫወቻ፣ ሌሎቹም ለአነስተኛ የፈጠራ ድርጅቶች የሥራ ቦታ ሆኑ።

ለታሪካዊ ሕንፃ ዝግታ የሚመረጠው ስሕተቱ የማይታረም ስለሆነ ነው። በአዲስ ሕንፃ ውስጥ ያለቦታው የቆመ ግድግዳ ቢፈርስ የሚጠፋው ገንዘብ ብቻ ሲሆን፣ ያለቦታው የተሰነጠቀ የ130 ዓመት የእብነ በረድ ደረጃ ግን ተመልሶ አይገጥምም። ዝግታ ለአካታችነትም ይበጃል፤ የአካባቢው ሰው ሥራው ገና ሳያልቅ ስለሚጠየቅ መልሱ ንድፉን የመለወጥ ዕድል አለው። አብዛኞቹ የማኅበረሰብ ምክክሮች ይህን ዕድል ይነፍጋሉ፤ ንድፉ ካለቀ፣ ገንዘቡ ከተመደበ በኋላ ሕዝቡ ተጠርቶ ሥዕል ይታየዋል፣ ያጨበጭባል፣ ይበተናል። ይህ ምክክር ሊባል አይገባውም።

መጋቢት 13 ቀን 2015 ከትልቁ አዳራሽ ጣሪያ እሳት ተነሣ። ጣሪያው ወደ ውስጥ ወደቀ፣ በቅርጻ ቅርጽ ያጌጠው የኖራ ኮርኒስም ጠፋ፤ የሰው ሕይወት ግን አልጠፋም። ሮበርት ሆፕ ጆንስ በ1901 ከሠራው ትልቅ የአዳራሹ ኦርጋን አብዛኛው ክፍል በዚያን ጊዜ ለጥገና ከሕንፃው ወጥቶ ስለነበር ተረፈ። የሕንፃው የፊት ክፍል ስላልተጎዳ ማዕከሉ በማግስቱ ለሕዝብ ተከፈተ፤ ይህም ውሳኔ ተቋሙ ራሱን ከአንድ አዳራሽ ጋር አንድ አድርጎ እንደማያይ ለሁሉም አሳወቀ።

መልሶ ግንባታው የቅርስ ባለሙያዎችን ዘወትር የሚያከራክረውን ጥያቄ አስነሣ፤ የጠፋው ነገር እንደነበረ ተመስሎ ይሠራ ወይስ በዘመኑ እጅ አዲስ ይሠራ የሚለውን ነው። በባተርሲ የተመረጠው መንገድ በሁለቱ መካከል የሚገኝ ነበር። የቀድሞው ኮርኒስ የነበረው የጌጥ ንድፍ ተወስዶ ከእንጨት በተሠራ ክፍት መረብ ላይ ወጣ፤ መረቡ የድሮውን ቅስት ቅርጽ ሲይዝ ክፍተቶቹ ደግሞ ከላይ የተሰቀሉት መብራቶችና የድምፅ መሣሪያዎች እንዲያልፉባቸው አስቻሉ። የተቃጠሉት ግድግዳዎችና መተላለፊያዎች ግን ሙሉ በሙሉ አልተለሰኑም፤ ልስኑ የተገረፈበት፣ እሳቱ ያጠቆረውና ያቀላው ጡብ፣ የቀድሞ ቀለሞች ቅሪት ሁሉ ተጠብቀው እንዲታዩ ተደረገ። ምርጫው ትክክለኛ ነበር። የ1893ን ልስን አስመስሎ መሥራት ከዚያ ወዲህ የሆነውን ሁሉ እንዳልሆነ መቁጠር ይሆን ነበርና ነው። አዳራሹ በመስከረም 2018 ሲከፈት የተመረጠውም ትዕይንት እሳቱ በተነሣበት ሰሞን በዚያው ቤት እየታየ የነበረው የጌኮ ቡድን ሥራ ነው።

የአካላዊ ተደራሽነት ጉዳይ ከዚህ ያነሰ ዝና ቢኖረውም ክብደቱ አያንስም። ተደራሽነት ማለት ሰው በሌላ ሰው ሸክም ሳይሆን በራሱ ችሎታ ወደ ቦታው ደርሶ አገልግሎቱን ማግኘት መቻሉ ነው። በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን የተሠሩ የሕዝብ ሕንፃዎች መግቢያቸውን በደረጃ ከፍ ማድረጋቸው የክብር ምልክት ነበር፤ ያው ክብር በተሽከርካሪ ወንበር ለሚሄድ ሰው የተዘጋ በር ይሆናል። ነገሩን በቁጥር ለማየት ያህል፣ በብዙ አገሮች ለመወጣጫ የሚፈቀደው ከፍተኛው ቁልቁለት ለአንድ ሜትር ከፍታ 12 ሜትር ርዝመት ነው፤ ስለዚህ አምስት ደረጃዎች ብቻ ያሉትና 80 ሴንቲ ሜትር ከፍ የሚል መግቢያ ወደ 10 ሜትር የሚጠጋ መወጣጫ ይፈልጋል፣ ይህም በመካከል ማረፊያ ሳይጨመርበት ነው። ጠባብ የእግረኛ መንገድ ላይ ለቆመ ቤት ይህን ያህል ርዝመት ማግኘት ስለማይቻል የጎን በር መክፈት፣ የግቢውን ወለል ከፍ ማድረግ ወይም አሳንሰር ማስገባት ግድ ይሆናል።

እዚህ ላይ አስተዳዳሪዎች በብዛት የሚስቱት አንድ ነገር አለ። የጎን በር ከተከፈተ በኋላ ያ በር የአካል ጉዳተኞች በር ተብሎ ይለይና ቁልፉ ከዘበኛ ኪስ ይገባል፤ የመጣው ሰው ደወል ደውሎ፣ ቆሞ ጠብቆ፣ ከቆሻሻ ማጠራቀሚያው አጠገብ አልፎ ይገባል። ሕጉ ተፈጽሟል፤ ሰውየው ግን እንደ እንግዳ እንኳ አልተቆጠረም። የብሪታንያ የእኩልነት ሕግ (2010) አገልግሎት ሰጪዎች ለአካል ጉዳተኞች ተገቢ ማስተካከያ እንዲያደርጉ ያስገድዳል፤ የሕንፃ መመዝገብም ከዚህ ግዴታ ነፃ አያወጣም፣ ምን ተገቢ እንደሆነ ሲመዘን ግን ግምት ውስጥ ይገባል። ትክክለኛው አሠራር ሁሉም ሰው የሚገባበትን አንድ ዋና በር ማግኘት፣ ካልተቻለም ሁለተኛውን በር ለሁሉም ክፍት፣ በሚገባ የበራና ሰው ያለበት ማድረግ ነው።

ባተርሲ ከብዙዎቹ ቀድማ የሄደችው ግን ከደረጃና ከበር ባሻገር ባለው ጉዳይ ነው። በየካቲት 2020 ማዕከሉ ቱሬትስሂሮ ከተባለው ድርጅት ጋር ተባብሮ መላው ቤቱ ዘና ያለ ቤት መሆኑን አወጀ፤ ሕንፃን በሙሉ በዚህ መልክ በማስተዳደርም በዓለም የመጀመሪያው እንደሆነ ተገለጸ። ዘና ያለ ትዕይንት የሚባለው ተመልካቹ ጸጥ ብሎ፣ ሳይንቀሳቀስ እንዲቀመጥ የማይገደድበት ትዕይንት ነው፤ ድምፅ ማሰማት፣ መነሣት፣ መውጣትና ተመልሶ መግባት ይፈቀዳል። ቱሬትስሂሮን ከመሠረቱት አንዷ ጄስ ቶም ያለፈቃድ እንቅስቃሴና ድምፅ የሚያስከትለው የቱሬት ሕመም ያለባት አርቲስት ስትሆን፣ በአንድ ወቅት ትዕይንት ለማየት በገባችበት ቤት ድምፅዋ ሌሎችን ስለረበሸ ተለይታ እንድትቀመጥ ተጠይቃ እንደነበር በይፋ ተናግራለች። ሌሎች ቴአትር ቤቶች ዘና ያለ ትዕይንት የሚያዘጋጁት ከአንድ ሥራ አንዱን ቀን ነጥለው፣ አብዛኛውን ጊዜም በሥራ ቀን ከቀትር በኋላ ነው። በባተርሲ አሠራሩ ተገለበጠ፤ ዘና ማለቱ መደበኛው ሆነ፣ በአንድ ትዕይንት ላይ ይህ ካልተቻለ ግን ምክንያቱ ለተመልካቹ አስቀድሞ ይነገራል።

አሠራሩ በአብዛኛው ድንጋይ አይነካም፣ ስለዚህም የቅርስ ፈቃድ አይጠይቅም። ሰው ከቤቱ ሳይወጣ መንገዱን፣ በሩን፣ የትኬት መስኮቱንና መጸዳጃ ቤቱን የሚያሳዩ ፎቶግራፎች አስቀድመው ይዘጋጁለታል፤ በኦቲዝም ምክንያት አዲስ ቦታ የሚያስጨንቀው ልጅ ከመምጣቱ በፊት ከነወላጆቹ ያጠናቸዋል። ጫጫታና ብርሃን ለሚከብደው ሰው ጸጥ ያለ ክፍል አለ። የበር ተቀባዩም፣ የቡና ቤቱም፣ የዘበኛውም ሠራተኛ ሁሉ ሥልጠና ይወስዳል። ተጠቃሚዎቹም በአንድ የሕመም ስም ከተለዩት ሰዎች የበዙ ናቸው፤ ጨቅላ ልጅ ያቀፈች እናት፣ የመርሳት ችግር የጀመራቸው አረጋዊ፣ መጸዳጃ ቤት ቶሎ ቶሎ የሚያስኬድ ሕመም ያለበት ሰው፣ የቴአትር ቤት ወግ ስለማያውቅ የሚሳቀቅ ወጣት ሁሉ በዚሁ ደንብ ይጠቀማሉ። ከማንኛውም የእድሳት ሥራ ይልቅ ትንሽ ገንዘብ ብዙ ሰው ያስገባው በዚህ መንገድ ነው።

ለዚህ ሁሉ ገንዘቡ ከየት ይመጣል የሚለውን ጥያቄ የሚሸሽ አስተዳዳሪ ቤቱን አይዘልቅበትም። የባተርሲው ማዕከል ከመንግሥት የኪነ ጥበብ ድጋፍ፣ ከበጎ አድራጊዎች፣ ከትኬት፣ ከቡና ቤትና አዳራሹን ለሠርግና ለግብዣ ከማከራየት ገቢ ያገኛል፤ ከቅርብ ዓመታት ወዲህም ተመልካቹ እንደ አቅሙ የሚከፍልበትን የትኬት ሥርዓት ዘርግቷል። የሠርግ ኪራይን የሚነቅፉ አሉ። አዳራሹ ግን ከጥንትም ሰው የሚጨፍርበት ነበር፤ ደግሞም ቅዳሜ ማታ የሚገኘው ኪራይ ማክሰኞ ጠዋት የሚሰበሰቡትን የሰፈር ልጆች ክፍል የሚያሞቅ ከሆነ ነቀፌታው ያላግባብ ነው። አደጋው ሌላ ቦታ ነው፤ ከፋዩ እየበዛ ሲሄድ የሰፈሩ ማኅበር ቀኑን ይቀማል። መፍትሔው የማኅበረሰቡ ሰዓታት በዓመቱ መጀመሪያ ተወስነው በደንብ መጻፋቸውና ለማንም ከፋይ ሲባል አለመነካታቸው ነው። ከዚህም ጋር ባተርሲ የሠራተኛ ሰፈር መሆኗ ቀርቶ ቤት የተወደደባት ወረዳ ስለሆነች፣ ማዕከሉ ራሱን ለባለገንዘብ አዲስ ነዋሪ ማረፊያ እንዳያደርግ የሚጠብቀው ይኸው ጥብቅነት ብቻ ነው።

ጉዳዩ ለኢትዮጵያ ከተሞች ሩቅ አይደለም። አዋጅ ቁጥር 209/1992 ዓ.ም. በቅርስ ላይ የሚደረግ ጥገናና እድሳት አስቀድሞ እንዲፈቀድ ያዝዛል፤ የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ዓ.ም. ደግሞ የሕዝብ አገልግሎት የሚሰጥ ሕንፃ በተሽከርካሪ ወንበር ለሚጠቀሙና ደረጃ መውጣት ለማይችሉ ሰዎች አመቺ መግቢያና መጸዳጃ እንዲኖረው በአንቀጽ 36 ደንግጓል። ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትም አጽድቃለች። ሁለቱ አዋጆች የሚገናኙት እንደ መስቀል አደባባዩ የራስ ብሩ ቤት፣ ማለትም የአዲስ አበባ ሙዚየም፣ ባሉ የመኳንንት መኖሪያ በነበሩ ቤቶች ደጃፍ ላይ ነው። እነዚህ ቤቶች ሲሠሩ ደረጃቸው ባለቤቱን ከሕዝቡ ከፍ ለማድረግ የታሰበ ነበር፤ ዛሬ የሕዝብ ከሆኑ ወዲያ ያን ደረጃ ለማን ትቶ ለማን መክፈት እንደሚገባ የሚወስነው ሥራ አስኪያጁ ነው። ባተርሲ እንደምታሳየው ደግሞ የሥራው ትልቁ ክፍል ከፍተኛ ገንዘብ ሳይጠበቅ በሠራተኛ ሥልጠና፣ አስቀድሞ በሚሰጥ መረጃና በአሠራር ደንብ ሊጀመር ይችላል።

ስለዚህ ታሪካዊ ቤት ከፍቶ ለሕዝብ ለማዋል የሚነሣ ማዘጋጃ ቤት፣ ማኅበር ወይም ባለሀብት የእድሳቱን ውል ከመፈረሙ በፊት ወደዚያ ቤት ለመግባት ያልቻሉትን የሰፈሩን ሰዎች ፈልጎ ያግኛቸው፤ ከእነርሱም መካከል በአስተዳደር ቦርዱ ውስጥ ድምፅ ያላቸው አባላት ያድርግ፤ በጀቱንም ከጣሪያው ብቻ ሳይሆን ከበሩ ይጀምር።